የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንና የ11 ልጃገረዶች ሰዓት

በዚህ ጥናት የምንመረምረው ጥያቄ አጭር ነው። ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን በሩጫ የዓለምን አደባባይ ከያዙ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በእግር ኳስ ግን ብሔራዊ ቡድናቸው እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አልበቃም። አገሩ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ እንጀራውም አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከምን መጣ?

እኛ ሁሩታ ላይ አድገን ዛሬ በሥነ ጥበባት ፋኩልቲ የምንማር ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሁሩታ ሜዳ ላይ ቆመን እንመለከተዋለን። ብሔራዊ ቡድን የሚሠራው አዲስ አበባ ላይ ይመስላል እንጂ መሠረቱ የሚጣለው እንደ ሁሩታ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር ናቸው።

1. ቡድኑና ዕድሜው

ኢትዮጵያ በወንዶች እግር ኳስ ከአፍሪካ ቀዳሚዎች አንዷ ናት። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ሻምፒዮና የታየው ግን በ1995 ዓ.ም. ናይጄሪያ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 41 ዓመት አለ። እንግዲህ አገራችን ጥንታዊት ብትሆንም በሴቶች ኳስ ገና ወጣት አገር ናት ማለት ነው። የቡድኑ ስም ሉሲ የተወሰደው በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ከተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ከሚገመተው ከድንቅነሽ ነው። ስሙ የሰው ልጅን ያህል የቈየ፣ ቡድኑ ግን የእኛን ዕድሜ የሚያህል ነው።

ይህ ወጣት ቡድን አጀማመሩ የሚያሳፍር አልነበረም። በመስከረም 1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ሻምፒዮና አዘጋጇ አገር እንኳ ያልደረሰችበትን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያ በናይጄሪያ ተሸነፈ፤ ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ተጋጥሞም ያለ ግብ ከተለያየ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። ከአፍሪካ አራተኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ጠፍቶ በ2005 ዓ.ም. ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ብቅ አለ፤ ከምድቡ ግን አላለፈም። ከዚያም በኋላ እስከ 2017 ዓ.ም. በተካሄዱት የአፍሪካ ዋንጫዎች አልተሰለፈም። በ1997 ዓ.ም. በዚያ ሻምፒዮና ላይ ያልነበሩት ሞሮኮና ዛምቢያ ግን በ2015 ዓ.ም. አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባዘጋጁት የዓለም ዋንጫ ተጫወቱ። ቀድመን ተነሣን፤ ከኋላ የተነሡት ደርሰው አለፉን።

«ምናልባት ችሎታው የለ ይሆናል» የሚል ቢኖር የ2011 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያን ይመልከት። ሉሲዎቹ ከካሜሩን ጋር በሜዳቸው 1 ለ 1፣ በካሜሩን ሜዳ 0 ለ 0 ተለያዩ። የወደቁት ተሸንፈው ሳይሆን ካሜሩን ከሜዳዋ ውጭ ግብ በማስቈጠሯ ነው። ካሜሩን በዚያው ዓመት ከዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ደርሳ የተመለሰች ቡድን ነበረች። 180 ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ያለውን ቡድን ያለ ሽንፈት የያዘች አገር ችሎታ የላትም ሊባል አይቻልም። እንግዲያስ የጎደለውን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

2. ክልከላ ሁለት ዓይነት ነው

የሴቶች ኳስ ታሪክ በሌላውም ዓለም የክልከላ ታሪክ ነው። እንግሊዝ አገር በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ ሴቶች ሲጫወቱ ለማየት 53 ሺሕ ያህል ተመልካች ተሰበሰበ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 1914 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች የማኅበሩ አባል በሆኑ ክለቦች ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ አገደ። እገዳው የተነሣው ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫም የተደረገው በኅዳር 1984 ዓ.ም. ቻይና ላይ ነው።

በእኛ አገር ግን ሴት ልጅ ኳስ እንዳትጫወት በደብዳቤ የከለከላት መሥሪያ ቤት አናውቅም። በጽሑፍ የወጣ ክልከላ በጽሑፍ ይሻራል። የእኛ ክልከላ ወረቀት የለውምና በወረቀት አይሻርም። አንዱ መልኩ አነጋገራችን ነው፤ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» እየተባለ ያደገ ሰው እኅቱ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ቢያይ ይደነግጣል። ሆኖም ይህን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ከእውነቱ ያርቀናል። ይኸው አነጋገር በሚነገርበት በአርሲ ምድር፣ ከበቆጂ አካባቢ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች። ከዚያው ከበቆጂ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አምጥታለች። ልብ በሉ፤ የደራርቱ ወርቅና የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ የአንድ ዓመት ነገሮች ናቸው። አነጋገሩ ሯጮቹን ካላስቀራቸው፣ ኳስ ተጫዋቾቹን ያስቀረ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

3. ሩጫና ኳስ በምን ይለያያሉ

በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሯጭ ለብቻዋ ልትለማመድ ትችላለች፤ ኳስ ተጫዋች ግን አትችልም።

በአርሲ ደጋ የምታድግ ልጅ ትምህርት ቤቷ ሩቅ ቢሆን ትሮጣለች፤ ከብት ቢጠፋ ትሮጣለች፤ ሲመሽባትም ትሮጣለች። የቤቱ ሥራ ራሱ በከፊል ልምምዷ ይሆናል። ትርፍ ጊዜ ያገኘችው ጧት በ12 ሰዓት ቢሆን ጧት፣ ማታ ቢሆን ማታ መውጣት ትችላለች፤ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ኳስ ግን ቅብብል ነው። የምታቀብል ካለች የምትቀበል፣ የምታጠቃ ካለች የምትከላከል፣ የምትመታ ካለች በረኛ ያስፈልጋል። እንስራ መሸከም ቅብብል አያስተምርም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ኳስ ከግድግዳ ጋር እያጋጨች እግሯን ልታፍታታ ትችላለች፤ ጓደኛዋ ወዴት እንደምትሮጥ አስቀድሞ ማወቅን ግን ግድግዳ አያስተምራትም።

ለዚህ ሐሳባችን አንድ ማስረጃ እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. ፈረንሳይ ባዘጋጀችው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሜዳ ገብታለች፤ የገባችው ግን በዳኝነት ነው። እርሷም ሊዲያ ታፈሰ ናት። ዳኛ እንደ ሯጭ ሁሉ ትንፋሿንና እግሯን ብቻዋን ልታሠለጥን ትችላለች። አንዲት ሴት በግል ጥረቷ ከምትደርስበት ከፍታ ደርሰናል፤ 11 ሴቶች በአንድነት ከሚደርሱበት ገና አልደረስንም።

4. የሰዓት ሒሳብ በሁሩታ

ሁሩታ ከአዋሽ ሸለቆ ወደ አርሲ ደጋ ሲወጣ የምትገኝ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ወንዶች ልጆች ከትምህርት በኋላ የጨርቅም ሆነ የላስቲክ ኳስ ይዘው ሜዳ ሲወርዱ ማንም አይጠይቃቸውም። ልጃገረዷ ግን ውኃ አለባት፤ ታናናሾቿን መጠበቅ አለባት፤ እንጀራ መጋገር፣ ማገዶ መልቀም፣ በገበያ ቀን እናቷን መርዳት አለባት። በየቀኑ ሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ አይመጣባትም። አንዳንዱን ቀን ነፃ ናት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዷ ልጅ ከአምስት ቀን በአራቱ ከቀኑ በ10 ሰዓት ነፃ ትሆናለች ብለን እናስብ። ይህ ለብዙዋ ልጅ ቸርነት ያለበት ግምት ነው። የየቤቱም ሥራ በየራሱ ቀን የሚመጣ ይሁን። ብቻዋን የምትሮጠው ልጅ ከአምስት ቀን አራቱን ትለማመዳለች። 11 ልጆች ሁሉም በአንድ ላይ ነፃ የሚሆኑት ግን ከ12 ቀን ገደማ በአንዱ ብቻ ነው። አራት አምስተኛን 11 ጊዜ በራሱ ያባዛ ሰው ይህን ያገኘዋል። ከአምስት ቀን ሦስቱን ብቻ ነፃ ናቸው ብንል ደግሞ 11ዱ በአንድ ላይ የሚገኙት ከ270 ቀን በላይ ቈይቶ አንድ ቀን ነው። ለመጋጠም 22 ልጆች እንደሚያስፈልጉ ስናስብማ ሒሳቡን ባንቀጥለው ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ልጃገረዶቻችን ፈጽሞ ጊዜ የላቸውም ማለት አይደለም። ጊዜስ አላቸው፤ የጎደላቸው በአንድ ላይ የሚገጥም ጊዜ ነው። ትርፍ ሰዓት ተበታትኖ ሲገኝ ሯጭ ያወጣል፤ ቡድን ግን አያወጣም።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ ለአንዲት የሰፈራችን እናት ስንነግራቸው «እትዬ፤ ልጅዎ ኳስ ብትጫወት ይከፋዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። የመለሱልን እንዲህ ሲሉ ነው፦ «ኳሱስ ይሁን፣ ልጆቼ። ግን ቀኑን ቁረጡልኝ። ዛሬ ነው፣ ነገ ነው እየተባለ ልጅ ከቤት አትወጣም። ቀኑን ካወቅሁ ውኃዬን በዋዜማው አስቀዳለሁ።» እኛ በብዙ ቃል ልናስረዳ የሞከርነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

5. ሰዓቱ በተገኘበት ስፍራ ምን ታየ

ሐሳባችን እውነት ከሆነ፣ ሰዓቱን የሚሰበስብ ነገር በተገኘበት ሁሉ ተጫዋች መታየት አለባት። ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ቅርባችን ያለችው አዳማ ናት። የአዳማ ከተማ የሴቶች ክለብ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ክለብ ማለት በሌላ አነጋገር ሰዓትን የሚገዛ ድርጅት ነው። ለተጫዋቿ ደመወዝ ሲከፍላት ኳሷ ሥራዋ ይሆናል፤ ቤተ ሰቧም «ሥራ ቦታ ሄደች» ይላል እንጂ «ጠፋች» አይልም። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳ፣ በደደቢትና በአዳማ ማልያ ተጫውታ፣ ስዊድንና ማልታ፣ በኋላም አሜሪካ የደረሰችው በዚህ መሰላል ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድንም በ2017 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የተሰለፈው ተጫዋቾቹን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ላይ ስላቈየ ነው። ነገር ግን ክለብ የሚቀጥረው ኳስ የምታውቀውን ልጅ ነው። ልጅቷ ሁሩታ ሳለች በ12 ዓመቷ ካልተጫወተች፣ በ18 ዓመቷ አዳማ ድረስ ሄዳ የምታሳየው ነገር አይኖራትም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በሳን ሆዜ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው «ማለዳ» የተባለ የኳስ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ወላጆቹ በሳምንቱ መጨረሻ ይገናኛሉ፤ ልጆቹ ወንድ ሴት ሳይባል ይጫወታሉ። በዚያ ሜዳ ኳስ ከጀመሩት አንዷ ናኦሚ ግርማ ናት። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር በተከላካይነት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። በጥር 2017 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ሲወስዳት፣ በሴቶች ኳስ ይህን ያህል የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች። አሜሪካ ያላት ሀብት ብዙ እንደ ረዳት አንክድም። ነገር ግን የመጀመሪያውን እርምጃ ያስጀመራት የአሜሪካ ሀብት ሳይሆን የሐበሻ ወላጆች የቈረጡት ቀን ነው። ቀን መቍረጥ ደግሞ ለሁሩታ የሚከብድ ወጪ አይደለም።

ሦስተኛው ኳስን የማይመስል ምሳሌ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በሄጦሳ ከባዳ ተራራ ምንጮች ውኃ በስበት ኃይል ብቻ በቧንቧ እየወረደ ለገጠሩና ለከተማው እንዲደርስ ተደረገ። ይህን የሠሩት ሰዎች ስለ ኳስ ያሰቡ አይመስለንም። ሆኖም ቦኖ ከደጅ አጠገብ በቆመበት ስፍራ ሁሉ ለልጃገረዷ በየቀኑ የተመለሰላት ሰዓት አለ። ስለ ሴቶች ኳስ የሚያስብ ሰው ስለ ማልያና ስለ ጫማ ብቻ ሳይሆን ስለ ቧንቧም ማሰብ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

6. እንግዲህ ምን ይደረግ

ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያልቅ «የሚመለከተው ክፍል ያስብበት» ተብሎ ይዘጋል። የሚመለከተው ክፍል ብዙ ሥራ እንዳለበት አይጠፋንም። ሊግ ማስፋፋት፣ አሠልጣኝ ማሠልጠን፣ ለታዳጊዎች ውድድር በጀት መመደብ የፌዴሬሽንና የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህን ከእነርሱ መጠየቃችንን አንተውም። ነገር ግን ከላይ ያየነው የሰዓት ችግር በበጀት ብቻ አይፈታም፤ በስምምነት ይፈታል። በስምምነትስ እኛ ኢትዮጵያውያን ድሆች አይደለንም።

ገበሬው አዝመራው ሲደርስ በደቦ ይወጣል፤ ሃያው ሠላሳው ሰው በአንድ ጧት በአንድ ማሳ ላይ ይገኛል። እናቶቻችን የዕድር ቀን ሲደርስ ወጡን በዋዜማው ሠርተው፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥተው ይሄዳሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ዕቁብም ማኅበርም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ሥራውን አስተካክሎ በአንድ ሰዓት እንዲገናኝ የማድረጉ ጥበብ ከውጭ የምናስመጣው አይደለም፤ እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ለልጃገረዶች ኳስ ብቻ ነው ያላዋልነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እናውቃለን፤ ድሩ የሚያብረው ግን የሚገናኝበት ቀን ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው የክረምት ዕረፍት ለራሳችንና ወደየትንንሽ ከተማቸው ለሚመለሱ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

ሀ/ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰዓቱ የማይለዋወጥ የልጃገረዶች የኳስ ቀን ይቈረጥ። ቀኑን የምንመርጠው እኛ ሳንሆን እናቶች ይሁኑ፤ የገበያውንና የጋገራውን ቀን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በገበያ ቀን የተጠራ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የፈረሰ ነው።

ለ/ ለዚያ ሰዓት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ለልጃገረዶቹ ይለቀቅ። ወንዶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጫወቱበት ሰንብተዋልና ሁለት ቀን ቢለቅቁ አይጎዱም። እኛም ወንዶች ወንድሞች በዚያ ሰዓት ከሜዳው ዳር ቆመን ከምንስቅ ጀሪካኑን ይዘን ወደ ቦኖ ብንሄድ ለብሔራዊ ቡድናችን ከጭብጨባ የበለጠ አስተዋጽኦ እናደርጋለን።

ሐ/ በክረምቱ መጨረሻ ከኢተያ፣ ከዴራና ከአሰላ ልጃገረዶች ጋር ግጥሚያ ይደረግ፤ እናቶችም ይጠሩ። ልጅን ከቤት መልቀቅ የሚቀለው ምን እንደምትሠራ ያዩ እንደ ሆነ ነው።

መ/ እኛ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ነገሩ እንዳይቋረጥ ኃላፊነቱን አንዲት መምህርትና ከእናቶች የተመረጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይያዙት። ተማሪ ሲመጣ የሚጀመር፣ ተማሪ ሲሄድ የሚያልቅ ሥራ ለልጃገረዶቹ ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ይሆናል።

ከዚህ ሥራ በአንድ ክረምት የዓለም ዋንጫ ተጫዋች አይወጣም። ከሁሩታ ሜዳም ለብሔራዊ ቡድን የምትበቃ አንዲት ልጅ ብቻ ትገኝ ወይም አትገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሁሩታ ውስጥ 22 ልጃገረዶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳ መገናኘት ከቻሉ በኢተያም ይቻላል፤ በበቆጂም፣ በመቂም፣ በዝዋይም ይቻላል። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ተጫዋች ፍለጋ ሲወጣ ብቻዋን የምትሮጥ ልጅ ሳይሆን የተለማመደ ቡድን ያገኛል። ቀኑን ቍረጡልን ያሉን እናት መልሳችንን እየጠበቁ ናቸው።